ታማ የማታውቀው ሄሊኮፕተር

በደርግ ዘመን እንጅባራ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። የሞቱ ነገሥታትን በሥርዓተ ትምህርቱ መሠረት እየሰደብኩ ደመወዜን በሰላም እበላ ነበር። ሙታን መልስ ስለማይሰጡ ጥሩ ሥራ ነው።

ሰኔ ሲገባ አንዲት የጦር ሄሊኮፕተር እየተንገዳገደች መጥታ ፈረሰኞች በሚጋልቡበት ሜዳ ላይ ተቀመጠች። አብረዋት የወረዱት አብራሪው መቶ አለቃ፣ ሽበት የጀመራቸው መካኒክ ሃምሳ አለቃና ሁለት ወታደሮች ነበሩ። ድንኳን ተከሉ፤ ዝናቡ ወረደባቸው፤ የአገሩን ድንች እየቀቀሉ መለዋወጫ መጠበቅ ጀመሩ። ሜዳቸው የተያዘባቸው ፈረሰኞች ዙሪያዋን እየዞሩ በአገውኛ ይሳለቁባት ነበር። የማትጋለብ፣ ግን አራት ሰው የሚጠብቃት ፈረስ አይተው አያውቁም።

ሐምሌ ላይ ከዳንግላ አንድ ካድሬ መጣ። ለአብዮቱ በዓል የሄሊኮፕተር ክፍሉ ታሪክ እንዲጻፍ ተወስኗል አለ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ሥራ ፈት ሆኖ የተገኘ የታሪክ አስተማሪ እኔ ነበርኩ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ደብተሬን ይዤ ድንኳኑ ገባሁ። ሃምሳ አለቃው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነገሩን አስረዱኝ። የጭራዋ ማርሽ ዘይት ያፈሳል። ዘይቱ ካለቀ የጭራዋ መዘውር ይቆማል፤ እሱ ሲቆም ደግሞ እሷ ራሷ እንደ እንዝርት እየሾረች ትወድቃለች። የወረዱትም ለዚሁ ነው። መለዋወጫ እንዲላክላቸው ሁለት ጊዜ ጽፈው መልስ አላገኙም። ታሪኩ ውስጥ ከገባ ግን ምናልባት አንድ ትልቅ ሰው ያነበው ይሆናል ብለው ተስፋ አደረጉ። እኔም እንዳሉኝ ጻፍኩ።

ካድሬው አነበበና ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። የአብዮቱ መሣሪያ እንዴት ይበላሻል? ከተበላሸስ አንተ ምን ቸግሮህ ትጽፈዋለህ? ቤቴ ገብቼ አስተካከልኩት። ሄሊኮፕተሯ ሰፊውን ሕዝብ ልትጎበኝ በገዛ ፈቃዷ የወረደች ሆነች። ‹ከተሠራች ጀምሮ አንድም ብልሽት ገጥሟት አያውቅም› የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ ያፈለቅኋት ናት። ካድሬው በጣም ወደዳት። ጽሑፉ ተባዝቶ ለበላይ አካል ተላከ።

ጳጉሜን ላይ ሁለት ደብዳቤ አብሮ መጣ። አንደኛው የክፍሉ ታሪክ ብልሽት አለመኖሩን ስለሚያረጋግጥ የመለዋወጫው ጥያቄ ተቀባይነት የለውም ይላል። ሁለተኛው ሄሊኮፕተሯ በበዓሉ ዕለት ዳንግላ ላይ እየበረረች ወረቀት እንድትበትን ያዛል። መቶ አለቃው ትእዛዝ ነው አለና የበዓል ልብሱን ማጠብ ጀመረ። የሦስት ልጆች አባት ነበር።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃው ቤቴ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ።

«መምህር፣ ትናንት ገበያ ላይ አንድ ገበሬ ፈረስ ሲሸጥ አየሁ» አሉኝ። «ገዢው ሳይጠይቀው፣ የኋላ እግሯን ታነክሳለች ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። አንተ አንድ መስመር ማረም አቃተህ?»

እኔ ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት፣ ካድሬውን፣ እስር ቤቱን አሰብኩ። ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን አልኳቸው።

«ከበዓሉ በኋላማ እኔም እጽፋለሁ፣ ለመቶ አለቃው ሚስት» ብለው ወጡ።

ያን ሳምንት በሜዳው በኩል አላለፍኩም። ገበያ የምሄደው በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞሬ ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ ካድሬው ፊቱ በርቶ መጣ። የምሥራች አለኝ፤ ታሪኩን የጻፈው ሰው በሄሊኮፕተሯ ተሳፍሮ ወረቀቱን በገዛ እጁ እንዲበትን ተወስኗል።

ብዕሬ እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም። ቆሜ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ስለ ማርሹ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ እንዝርቱ ጻፍኩና ሰጠሁት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ አልጋዬ ላይ ቁጭ አለ። ለካ የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የሰፈረው የሱ ስም ነበር። ራሱ ነበር ያስገባው።

በነጋታው ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። በረራው በከባድ ጉም ምክንያት መሰረዙን የሚገልጽ ሪፖርት ተጻፈ። ጻፍ ያሉት ማንን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

እርማቴ በየት በኩል እንደሄደ አላውቅም፤ ብቻ ጥቅምት ላይ መለዋወጫው በካርቶን ታሽጎ ደረሰ። ምስጋና ፍለጋ ወደ ሜዳው ወረድኩ። መቶ አለቃው አቅፎ ሳመኝ፣ ሕይወቴን ያተረፍከው አንተ ነህ አለኝ። ሃምሳ አለቃው ከጭራዋ ሥር ሆነው ብሎን ያጠብቁ ነበር። እሱ እስኪርቅ ጠበቁና ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«መምህር፣ የበረራው ወንበር ባይደርስህ ኖሮስ?»

ክፍለ ጊዜ ደርሶብኛል አልኳቸውና መንገዴን ያዝኩ። ቀኑ እሑድ ነበር።