ቦራ ከደጋ ሲወርድ

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ አንድ ቀን እየዘለለ መጣል ሲጀምር ኮርቻውን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ጋምቤላ ለቆዳ የምትመች ከተማ አይደለችም፤ ክረምቱን ሙሉ ቁም ሣጥን አናት ላይ የከረመ ኮርቻ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ይወርዳል፣ እኔም በጨርቅ ጠርጌ፣ ለጋ ቅቤ ቀብቼ፣ ግቢያችን ውስጥ ከቆመው አሮጌ ግንድ ላይ እጭነዋለሁ። ያን ጊዜ የቅቤና የሻገተ ቆዳ ሽታ ተቀላቅሎ ይነሳል። ዘንድሮ አንድ የባጃጅ ሹፌር በአጥሩ በኩል አይቶኝ ሞተሩን ሳያጠፋ «እትዬ፣ ይሸጣል?» አለኝ። አይሸጥም አልኩት። «ፈረሱስ የታለ?» አለ፤ ወዲያው ተሳፋሪ አግኝቶ ሄደ።

ፈረስ ነበረን። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እናቴን ገና በመጀመሪያው ዓመት ወባ ወሰዳት፣ መልኳን አላስታውሰውም። አባቴ እርሻውን ትቶ እኔን አዝሎ ወደ ከተማ ገባና አናጢ ሆነ። ደግነቱ ብዙም ሳይቆይ ክልል የሚባል ነገር መጣ፤ ክልል ሲመጣ ቢሮ በዛ፣ ቢሮ ሲበዛ በርና መስኮት የሚሠራ ሰው ተፈለገ፣ አዲስ የመጣ ኃላፊ ሁሉ ደግሞ በሩ በሌላ በኩል እንዲከፈትለት ስለሚፈልግ የአባቴ ሥራ አልተቋረጠም። ሌላው ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ ለቤቱ ቆርቆሮ ይገዛል። አባቴ ሽቅብ ወደ ጎሬ ወጥቶ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ገዝቶ ወረደ፤ ስሙንም ቦራ አለው። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አባቴን «አባ ቦራ» እያለ ይጠራው ጀመር፣ እሱም በዚህ ስም ሲጠሩት ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር።

ቆላው ግን ለፈረስ አይሆንም። ገንዲ የሚባል በሽታ አለ፤ ዝንብ ነው የሚያመጣው፣ ዝንቡም ከዝናቡ ጋር ይበዛል። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ አባቴ ቦራን ይዞ ጎሬ ይወጣና ለወዳጁ ለአባ ጉራቻ አደራ ሰጥቶት ይመለሳል፤ አባ ጉራቻም እንዲሁ በጥቁሩ ፈረሱ የሚጠራ፣ የደጋ ሰው ነው። በጋውን ደግሞ ማታ ማታ ኩበት አጭሰን፣ ዙሪያውን አጎበር ዘርግተን እናሳድረዋለን። በሰፈሩ ስንት ልጅ ያለ አጎበር ሲያድር አጎበር ያለው ፈረስ የእኛ ብቻ ነበር።

ክረምቱን እኔና አባቴ ብቻችንን እንከርማለን። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ባሮ ደፍርሶ ዳርቻውን ይውጣል፣ ጭቃው ጓደኛ ቤት አያስኬድም። አባቴ ሲናገር የሚናገረው ለፈረሱ ነበርና ፈረሱ ሲሄድ ቤታችን ዝም ይላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ቢሆን ዝናቡ ይጮህ ነበር፤ የእኛ ጣሪያ ሣር ስለሆነ እሱም ድምፅ አልነበረውም። ባዶው በረት ውስጥ የተንጠለጠለውን አጎበር እያየሁ መስከረምን እጠብቃለሁ።

መስቀል በዋለ በሳምንቱ ቦራ ይመጣል። በደጋ ሣር ወፍሮ፣ ሆዱ ወርዶ፣ ልጓም የሚባል ነገር ጭራሽ እንዳላየ ሆኖ ነው የሚመጣው። እኔም ከእሱ አልሻልም። ጎህ ሲቀድ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ ከቤታችን በታች ባለው ሜዳ ላይ አባቴ ያወጣኛል፤ ረጅሙን ገመድ ይዞ መሃል ይቆማል፣ እኔና ቦራ ዙሪያውን እንዞራለን። እግሬ እርካቡን ይስታል፣ ጭኔ ይላላል፣ ልጓሙን ከሚገባው በላይ አጠብቃለሁ። ሁልጊዜ በመጀመሪያው ቀን የሚለኝ አንድ ነገር ነው።

«ረስተሻል። ምንም አይደል፣ ከእርምጃ እንጀምራለን።»

ከእርምጃ እንጀምራለን። ጥቅምትን በእርምጃና በሶምሶማ እንጨርሳለን፤ ጭኔ ተልጦ እንደ ዳክዬ እየሄድኩ ትምህርት ቤት እገባለሁ። ኅዳር ላይ ገመዱ ይፈታል። ሽምጥ ስንጋልብ ከኋላዬ የአባቴ ሳቅ ይሰማኛል፣ በዓመት ውስጥ የሚስቀውም ያኔ ብቻ ነው። ስንጨርስ ቦራን ባሮ ዳር ወስደን እናጥበዋለን፤ አዞ እንዳይመጣ ዓሣ አስጋሪው ጎረቤታችን ጋሽ ኦሞድ መቅዘፊያውን ይዞ ውኃው ውስጥ ይቆምልናል።

አባቴ ይህን ሁሉ የሚደክመው ለጥምቀት ጉግስ ነበር። ችግሩ ጉግስ ሁለት ፈረስ ይፈልጋል፣ ጋምቤላ ውስጥ ያለው ፈረስ ደግሞ አንድ ነው። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ግንድ ተክሎ፣ ጆንያ አልብሶ፣ «ባላጋራ» ብሎ ስም አወጣለት። ከቢሮ በር በተረፈ ጣውላ ጋሻ ሠራለት። ጠዋት ጠዋት ዘንግ ይወረውርበታል። ጋሽ ኦሞድ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ብዙ ካየ በኋላ አንድ ቀን «አባ ቦራ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አደረገህ?» አለው።

«ምንም። ሰው እስኪመጣ ነው።»

የሚመጣው ሰው አባ ጉራቻ ነበር። በየዓመቱ ቦራን ሲያስረክብ «ዘንድሮ ለጥምቀት እወርዳለሁ» ይላል፣ በየዓመቱም ለጉራቻው ይሳሳና ይቀራል። አባቴ በጥምቀት ቀን ታቦቱ ከባሮ ሲመለስ ብቻውን ይጋልባል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እሱ ግን ዘንጉን የሚወረውርበት ሰው ስለሌለው ይዞት እንደወጣ ይዞት ይመለሳል። ያን ዘንግ ከበሩ ጥግ ሲያቆመው ፊቱን ላለማየት ውኃ ልቀዳ እወጣ ነበር።

አንድ ዓመት አባ ጉራቻ በጭነት መኪና ሹፌር «በፋሲካ ቁርጥ ነው፣ ጉራቻን ይዤ እመጣለሁ፣ ቦራን ወደ ደጋ እንዳታወጣው» ብሎ ላከ። ፋሲካው ዘግይቶ የሚውልበት ዓመት ነበር፤ ዝናቡ ደግሞ ቀድሞ ገባ። ጋሽ ኦሞድ ሰማዩን እያየ «ፈረሱን ውሰድ» አለው። እኔም አልኩት። «እመጣለሁ ብሏልኮ» አለን፣ ደግሞ ደጋግሞ። ፋሲካ ዋለ፣ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ፣ አባቴ ቀን ቀን ለቦራ እያጨሰ ሥራ ቀረ። ከዚያ የቦራ ዓይን ማልቀስ ጀመረ፣ ጠጉሩ ቆመ፣ ጎኑ ገባ። መርፌ አስወጋነው። አንድ ጠዋት አጎበሩ ውስጥ እንደተኛ አልተነሳም።

አባ ጉራቻ በሳምንቱ ከች አለ። የልጁ ሠርግ ነበር ያቆየው። ጉራቻን በቀይ ግላስ አጊጦ፣ አዲስ ጋሻ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ባዶውን በረት አየ፣ አባቴን አየ፣ ከፈረሱ ወረደ።

«አባ ቦራ…»

«እንግዲህ እንደሱ አትበለኝ» አለ አባቴ።

ሰውየው ልጓሙን ዘረጋለት። «አንተ ጋልብ። እኔ በእግሬ እቆማለሁ፣ ወርውርብኝ።»

አባቴ ልጓሙን ተቀበለ፤ ስንት ዓመት የጠበቀው ፈረስ ፊቱ ቆሞ ነበር፣ አንገቱን ዳበሰው፣ ከዚያም ወደ መንገዱ አዞረው። «ውኃ አጠጣውና አሁኑኑ ይዘህ ውጣ» አለው። «ዝንቡን እያየኸው ነው።»

እህል ሳይቀምሱ ተነሱ። አባቴ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆረጠና ከጉራቻ ጎን ጎን እየሄደ፣ ከሆዱ ሥር፣ ከጆሮው ሥር ዝንብ እየመታ ከከተማው አወጣቸው፤ ዳገቱ እስኪጀምር አልተመለሰም። እኔ ከኋላ ነበርኩ። አባ ጉራቻ ኮርቻው ላይ ሆኖ ያለቅስ ነበር፣ አባቴ ግን ዝንብ እያየ ስለነበር አላየውም።

ከዚያ በኋላ ፈረስ አልገዛም። በሳምንቱ ጋሽ ኦሞድ በአጥሩ በኩል ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአባትሽ ስሙ ማን ነው?» አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሲጎራበተን አያውቀውም ነበር። ነገርኩት፤ እስኪለምደው ድረስ ብዙ ቆየ።

ሁሉም ዛሬ የሉም። ሜዳው ላይ ቤት ተሠርቶበታል፣ ጥምቀትን የሚያጅበው ባጃጅ ነው፣ የሚያለቅሰውን የቦራን ዓይን የሚያስታውስ ከእኔ በቀር ማንም አልቀረም። ግቢዬ ውስጥ ያለው ያ ባላጋራ ብቻ ነው፤ ጆንያው በስብሶ ወድቋል፣ ግንዱ ግን ስለጸና ኮርቻዬን በየመስከረሙ ይሸከምልኛል። ዘንድሮ ሹፌሩ ከሄደ በኋላ ቅቤ በነካ እጄ እርካቡን ይዤ፣ እግሬን ላነሳ ሞከርኩ። ከጉልበቴ በላይ አልሄደልኝም። እዚያው እርካቡን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ትንሽ ቆይቼ ነው የገባኝ፣ ረስተሻል የሚለኝን ሰው እየጠበቅሁ ነበር።