የእናቴ ሦስት ነጥቦች

የእናቴ የግራ ጡት በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ጨረርም ያስፈልጋታል ተባለ። ሐኪሙ በሌላ አገር ለአንዳንዱ ታማሚ ገና ቀዶ ሕክምናው ላይ እንደተኛ ጨረሩን እዚያው እንደሚሰጡት አጫወተን።

«ታዲያ የእኔንስ እንደተኛሁ ብትጨርሱልኝ ምን ነበረበት?» አለችው። ቁጣዬን ከማን እንደወረስሁት ያን ጊዜ ገባኝ።

ወራት ጠብቀን አዲስ አበባ ተራዋ ሲደርስ፣ የጨረር ባለሙያው ለክቶ ደረቷ ላይ ሦስት መስቀለኛ ምልክቶች በቀለም ሣለ። «እማማ፣ ይህ እንዳይለቅብዎት። ጨረሩን የምናነጣጥረው በዚህ ነው። ከጠፋ እንደገና ወረፋ ሊይዙ ነው» አላት። ሕክምናው የሚጀመረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። የትውልድ ከተማችን አማኑኤል ድረስ ወስጄ ቤቷ አደረስኋትና፣ አደራ ውኃ እንዳታስነኪው ብዬ ወደማስተምርበት ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስሁ።

ልወስዳት ስመጣ ሰባት ቀን ጸበል መጠመቋን እንደ ዋዛ ነገረችኝ። ክው አልሁ። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ጮኽሁ።

«ቀለሙ ለቋል፤ ምልክቱ ግን አለ» ብላ የቀሚሷን አንገት ዝቅ አደረገች። ሦስት ጥቋቁር ነጥቦች። ለካ ጸበል ከመግባቷ በፊት፣ በልጅነቷ አንገቷን የነቀሷትን አሮጊት ጎረቤታችንን አስጠርታ የመስቀሎቹን መሐል በመርፌና በጥላሸት አስነቅሳው ኖሯል።

«እሳቸው እኮ ዓይናቸው አያይም!»

«እጃቸው ያያል።»

ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ መንገዱን ሙሉ አኮረፍኋት። ነጥቡ አንድ ጣት ቢስት ጨረሩ የሚያርፈው ልቧ ላይ ነው፤ ከዚህ ሌላ ማሰብ አልቻልሁም። ሉማሜ ከተማ አውቶቡሱ ሲቆም ሻይ አዘዘችልኝ፤ አልጠጣሁም። ሁለቱንም እሷ ጠጣቻቸው።

ባለሙያው ነጥቦቹን አጎንብሶ አያቸው። ጓደኛውን ጠራ። አስተኝተው ብርሃኑን አበሩ፤ ከመዘገቡት ልክ ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

«ማን ሠራልዎት?» አላት በመጨረሻ።

«ጎረቤቴ።»

«ልክ ነው። እኛም እኮ በመርፌ የምንነቅስበት ጊዜ አለ። ግን እማማ፣ ቢያመረቅዝ ኖሮ ተራዎን ያጡ ነበር፤ ሁለተኛ ሳይነግሩን እንዳያደርጉት።»

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም። ጥቂት ቆይታ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

«ጨረሱ?» አልኋት።

«ኧረ ገና መጀመራቸው ነው። አንቺስ ኩርፊያሽን ጨረስሽ?»

የግራ ጎኗን እንዳልነካ እየተጠነቀቅሁ፣ በአንድ እጄ ብቻ አቀፍኋት።

«ጠበቅ አርጊኝ ልጀ» አለችኝ፤ «አይለቅም።»