የእትዬ አስካለ አንገት

የማስተር ፕላኑ ግርግር ሰበታን ባመሰ ሰሞን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ አቁሜ ልብሷን አሸት ነበር፤ የተቃጠለ ጎማ ከሸተተኝ በየት በኩል እንደመጣች አውቃለሁና። አንድ ቀን ግን ዓይኗ ደም መስሎ ስትገባ የሸተተኝ ሽቶ ነው። አፍንጫና አፏ ላይ የታሰረውን ወይን ጠጅ የሐር ሻሽ ወዲያው አወቅኩት። አስለቃሹ ጭስ ሲተኮስ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከአንገታቸው ፈትተው እንዳሰሩላት ነገረችኝ።

"ሰው እያየ ፈቱት?" አልኳት።

"አዎ፣ መሀል አስፋልት ላይ። ምነው እማዬ?"

ሻሹን ፈትቼ ዓይኗን በውሃ አጠብኩላት።

እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው እትዬ አስካለ ከአዲስ አበባ መጥተው አጠገባችን የተከራዩት። በዚያ ጭቃ ባለ ተረከዝ ጫማ የሚያደርጉ፣ ጠዋት ጠዋት ላስቲኳ የሚጨመቅ የሽቶ ጠርሙስ ይዘው ሻሻቸው ላይ ፊስስ የሚያደርጉ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ አልፈው ከሄዱም በኋላ ሽታው አጥሩ ሥር ስለሚቆይ እኛ ሴቶች ልጆች እዚያው ቆመን አየር እንስብ ነበር። አንዴ የእናቴን መቀነት አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ስንጎራደድ "የታሰረች ፍየል መስለሻል" ብላ ገፈፈችኝ። የኦቦ ቱሉ ጠጅ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ሠዓሊ ሥሏቸው ነበር፤ ዓይናቸው ፊታቸውን ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ አንገታቸው ያለ ሻሽ፣ እንደ ብርሌ የረዘመ። ቆንጆ ማለት ይህ ነው ብዬ ያንን ሥዕል ለማየት መንገዴን አዙሬ እሄድ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ እርጎ አስይዛ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ስትልከኝ ሳላንኳኳ ገባሁ። ሻሻቸውን አውልቀው እየታጠቡ ነበር። ጉሮሯቸው ላይ ቡጢ የሚያክል እንቅርት ተንጠልጥሏል። እርጎው ከእጄ አመለጠ። አልተቆጡኝም፤ ውሃውን ከፊታቸው ጠርገው፣ ቀስ ብለው፣ "አየሽው? እንግዲህ አንቺም እንደ ሠዓሊው አይተሽ እንዳላየሽ ሁኚ" አሉኝ። ሆንኩ። ለእናቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ ባገኘኋቸው ቁጥር መሬት መሬት ማየት ልማዴ ሆነ፤ አግብቼ ወልጄም አልተወኝም።

ልጄ ሻሹን አስራ በመጣች ማግስት ቤት ቆልፌባት ሻሹን በነጠላዬ ሥር ሸሽጌ ሮጥኩ፤ ያን ሁሉ ዘመን የደበቁትን ሌላ ሰው ሳያይባቸው ላድርስላቸው ብዬ ነው። እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አንገታቸውን ገልጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ወተት ሻጮቹ ሴቶች እያዩ ያልፋሉ። አቀርቅሬ እጄን ዘረጋሁ።

"ቀና በይ" አሉኝ። "ትናንት አገር ያየውን ዛሬ ካንቺ ልደብቅ? ይልቅ የልጅቷ ዓይን እንዴት አደረ?"

ደህና ነው ልላቸው ቀና አልኩ። እንቅርቱን እንኳ ልብ አላልኩትም። ጉንጫቸው ጎድጉዷል፣ ያ ዓይን ደክሟል፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ሸብቷል። ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተን ስንኖር ያ መልክ መቼ እንደሄደ አላየሁም።