ሳይሰነጠቅ የቀረው ዱቄት

አባቴ በኤሌክትሪክ መኪና ታክሲ ይሠራል። ጠዋት ከምንኖርበት ከሬንተን ተነስተን ሲያትል የምሠራበት ቤተ ሙከራ በር ላይ እስኪያወርደኝ ወሬው አንድ ነው። «ይቺ ባትሪ እንደ ድሮዋ አታስኬድም። እናንተ እዚያ ተዘግታችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

የምሠራው እሱ የሚያማርርበትን ነበር። ባትሪ ውስጥ ካቶድ የሚባል ክፍል አለ፤ የሚሠራው ከጥቁር ዱቄት ነው። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየም ከዱቄቱ ይወጣል፣ ስንጠቀምበት ደግሞ ይመለሳል። በወጣና በገባ ቁጥር እያንዳንዷ ቅንጣት ስትኮማተርና ስታብጥ ቆይታ በመጨረሻ ትሰነጠቃለች። እኔ ቅንጣቶቹን ስስ ሽፋን ላለብሳቸው እሞክራለሁ። አልሆነልኝም፤ ምድጃ ውስጥ ስከታቸው ሽፋኑ ወደ ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል።

አንድ ሰሞን የምድጃውን ሙቀት ዝቅ አደረግኩ። ከወጣው ዱቄት ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሠርቼ ደጋግሞ ቻርጅ እያደረገ የሚያራግፈው መፈተሻ ላይ ሰካኋትና ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። ከሳምንታት በኋላ ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ ባትሪዋ የምትይዘውን ኃይል የሚያሳየው፣ ሁልጊዜ ቁልቁል የሚወርደው መስመር ቀጥ ብሎ ሄዷል። በደስታ ዘልዬ ተነሳሁና አለቃዬን ጠራኋት። እንዲህ ያለ ደስታ ሲከሽፍ ብዙ ያየች ሴት ናት።

«መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል» አለች። «ሌላ ሥሪና ሌላ መፈተሻ ላይ ሰኪያት።»

ሠራሁ። ያልተሸፈነ ዱቄት ያለባትንም ባትሪ ጎን ለጎን ሰካሁ። ያልተሸፈነችው እንደልማዷ ደከመች፤ የተሸፈነችው ግን ፍንክች አላለችም።

ሁለቱንም ከፍተን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየናቸው። ያልተሸፈነው ቅንጣት በበጋ እንደደረቀ የዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል። ቀጥሎ የተሸፈነው ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ድቡልቡል፣ ሙሉ፣ ዙሪያውን ስስ ልጣጭ የመሰለ ሽፋን ይዞ። አለቃዬ መነጽሯን አውልቃ ተጠጋች።

«ሌላ አሳዪኝ።»

ሌላ አሳየኋት። ሌላም። ሁሉም ደህና ነበሩ። ተያየንና ሳቅን፤ ማቆም አቃተን።

ኮሪደር ወጥቼ ለአባቴ ኮል አደረግኩ።

«አባዬ፣ አልተሰነጠቀም።»

«ምኑ?»

«ዱቄቱ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይናችን አየነው።»

«ኦኬ፣ እዚያው ጠብቂኝ። ቼሪ መንገድ ላይ ሰው አውርጄ መጣሁ።»

ጃክሰን መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት ወሰደኝ። ከሳንቲሟ ባትሪ እስከ መኪና ገና ብዙ መንገድ እንዳለ አስረዳሁት፤ ቅር አላለውም። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ በጣቶቹ እያሰፋ «ከምድጃው ጀምረሽ ንገሪኝ» አለ። ጀመርኩለት። ነገ ደግሞ የምሞክረው ላይ ስደርስ ምግቡ ቀዝቅዞ ነበር።