አንድ ዓይነት ክኒን

«እኔና ኃላፊው የምንውጠው አንድ ዓይነት ክኒን ነው» ይሉ ነበር አጎቴ፣ ኮራ ብለው። ክልሉ አዲስ ተቋቁሞ ጋምቤላ በየቢሮው ታፔላ በተሞላችበት ጊዜ፣ የአንዱ ቢሮ የቀን ዘበኛ ነበሩ። የእሳቸውም የኃላፊውም ልብ ደክሞ እግራቸው ማበጥ ሲጀምር፣ አንድ ሐኪም ለሁለቱም ያንኑ የሚያሸና ክኒን አዘዘ።

ኃላፊው ጠዋት ጠዋት ይውጣል፤ ሽንት ቤቱ ከቢሮው ጎን ነው። አጎቴ ግን ሥራ በሚገቡበት ቀን አይውጡም ነበር። ክኒኑ ደጋግሞ ያስነሣል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ደግሞ በሩ ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ ለምን ለኃላፊው አይነግሩትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የሽንቴን ነገር ለአለቃ ላውራ?» ብለው ሳቁ።

ማታ ሲገቡ ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉና «ዛሬስ ደህና ነው» ይሉኛል። የጣታቸው ጉድጓድ ግን ቶሎ አይሞላም ነበር።

ከቀበርናቸው በኋላ የቢሮውን ቁልፎች ልመልስ ሄድኩ። በሩ ላይ በርጩማቸው ባዶውን ተቀምጧል። ኃላፊው ሳያለከልክ ደረጃውን ወርዶ ተቀበለኝ። ዓይኔ ከእግሩ አልነቀል አለ፤ ካልሲው እንኳ አልጠበበውም። ከል ለብሼ፣ በሰው ቁርጭምጭሚት ቀናሁ።

«ያው መድኃኒት ነበር እኮ የምንውጠው» አለኝ ከልቡ አዝኖ። ከዚያ ከቁልፎቹ አንዷን ለየ።

«ይህቺ የሽንት ቤቷ ናት። በየማለዳው እሳቸው ነበሩ የሚከፍቱልኝ።»