ሳትለመን የተነሳችበት እሑድ

አክስቴ ሳትለመን አትጨፍርም ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ አዝማዱ በተሰደድንበት ከተማ ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ያለው አፓርታማዋ ይሰበሰባል፤ ያኔ አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ገና አልፈረሱም። ካፖርቱ ሁሉ አልጋዋ ላይ ይከመራል፤ እኛ ልጆች እላዩ ላይ ስንዘል ይቆጡናል። አጎቶቼ ካርታ ይጫወታሉ፤ አንደኛው ሁልጊዜ ያጭበረብራል፣ ሁልጊዜም ይያዛል። ምሳ ከተበላ በኋላ ካሴት ይከፈትና ልመናው ይጀመራል። እሷ ጠግቤያለሁ፣ ጉልበቴን አሞኛል፣ ሌላ ሰው ይነሳ እያለች ታለፋቸዋለች። በመጨረሻ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ስታስር ቤቱ በጭብጨባ ይሞላል። እንደ እሷ እስክስታ የሚመታ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ከልጅነቴ ደስታ አንዱን ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ያበላሸሁትም ይህንኑ ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ የነበረው አጎቴ፣ የእሷም የአባቴም ታላቅ ወንድም፣ በድንገት ሞተ። አባቴ ስልኩን እንደዘጋ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ከፍቶ አለቀሰ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ሄዶ ያረዳል። አክስቴ ደግሞ ሁለት ዓመት የለፋችበት የአረጋውያን እንክብካቤ ትምህርት የመጨረሻ ፈተና ነበረባት። ሰኞ ትፈተን፣ ማክሰኞ ማለዳ ይነገራት ተባለ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትሉ ተብለን እኛም ልጆቹ ተመከርን።

ቅዳሜ ደወለች፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ወንድሟ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይደውልላት አይውልም ነበር።

"ሁለት ሳተርደይ ኮል አላደረገልኝም" አለችኝ። "ትልልቆቹ ይደብቁኛል። አንቺ ንገሪኝ፤ ልጅ አይዋሽም። ደህና ነው?"

ዝም በሉ ነው የተባልነው፤ ዋሹ ያለን የለም። ስልኩን ለአባቴ ማቀበል እችል ነበር። እኔ ግን እንደ ትልቅ ሰው ምስጢር መጠበቅ አማረኝ። ደህና ነው፣ ትናንት እኛ ጋ ደውሎ ሰላም በይልኝ ብሏል አልኳት። ይህም አልበቃኝ ብሎ ለፈተናሽ እየጸለየልሽ ነው ብዬ ጨመርኩበት። በረጅሙ ተነፈሰችና እደጊልኝ ብላ መረቀችኝ። እኔም ሳላፍር አሜን አልኩ።

በማግስቱ ማንም ሳይለምናት ተነሳች። ነጠላዋን ራሷ አሰረች፤ ካሴቱን እንኳ የከፈተችው እሷ ናት። አባቴ አጨበጨበ። አጎቶቼም አጨበጨቡ፤ ምን ያድርጉ? እጃቸውን ቢሰበስቡ ሊነቃባቸው ነው። ሌላዋ አክስቴ ሳህን ላጥብ ብላ ወደ ኩሽና ገባች፤ እስክስታው እስኪያልቅም አልወጣችም። ያን ቀን ምን እንዲህ እንዳስደሰታት ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ሄድን። ቤት ብቻዬን ስለማልቀር እኔንም ወሰዱኝ። ሴቶቹ ጥቁር ነጠላቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ደብቀው ነበር። በሩን ከፍታ ሁላችንንም ባንድ ላይ ስታይ ገባት። ከሞተ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ እኛም የሰማነው ትናንት ማታ ነው አሏት። "ታዲያ ሰላም በይልኝ ያለው ማነው?" እያለች ታለቅስ ጀመር። ሰዉ ሐዘን የሚያስቀባዥራት መሰለው። እኔ ከአባቴ ጀርባ ተደብቄ ነበር። ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ስሜን አላነሳችም።

እሑዶቹ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ቀጠሉ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አልጨፈረችም። ሲለምኗት ትከሻዬን ያመኛል ትላለች፤ እነሱም ሐኪም ጋ እንድትሄድ ይመክሯታል። እኔ ካሴት በተከፈተ ቁጥር ካፖርቱ ወደተከመረበት ክፍል እሄድ ነበር። ጥፋተኛዋ እኔ መሆኔን አውቃለሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ባለፈው ወር የዘመድ ልጅ ክርስትና ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጄ የአክስቴን እጅ ይዛ ለጭፈራ ስትጎትታት ትከሻዬን አለቻት። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ሳደርሳት ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው ጎዳና ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ልጄ ከኋላ እንቅልፍ ወስዷታል።

"እትዬ፣ ያኔ በስልክ የዋሸሁሽ…" አልኳት።

"አንቺማ ልጅ ነበርሽ" አለች። "እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ያን እሑድ እነሱም ያውቁ ነበር?"

ትናንት ማታ ነው የሰማነው ያሏትን ለማመን ሠላሳ ዓመት ስትታገል ኖራለች። አያውቁም ነበር ማለት ይበቃኝ ነበር። አባቴ የለም፣ አጎቶቼም አብዛኞቹ አልፈዋል፤ የሚያጋልጠኝ አይኖርም። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ያውቁ ነበር" አልኳት። "ሁሉም።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ።

"ያጨበጭቡልኝ ነበር እኮ" አለች።