ካዛንቺስ አስሬ ወደ ዝዋይ የሸኘኋቸው

ሥራ በገባሁበት ቀን የመጀመሪያው ተግባሬ የአንድን የባንክ ሠራተኛ ሱሪ ካልሲው ውስጥ መክተት ነበር። ካዛንቺስ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ሰውየው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፤ እኔ እግሩ ሥር ተንበርክኬያለሁ። በአካባቢው ካለው ውኃ ሁሉ ትልቁ ኮሪደሩ ላይ የቆመው የመጠጥ ውኃ በርሜል ነበር። "ታንኳው የት አለ?" ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁት። "ዝዋይ" አለኝ።

ከዚያ በፊት ቂርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የወፈረ ሰው ኮት አሰፋለሁ። አለቃዬ የመጣው ሱሪ ሊያሳጥር ነው። ሳሳጥርለት አየኝና "አንተ የሱሪ እግር ትረዳለህ" አለኝ። እንደዚያ ያለ ሙገሳ ሰምቼ ስለማላውቅ ተከተልኩት።

ናሆም ይባላል። ልጅነቱን ውጭ አገር ስላሳለፈ አማርኛው እንደ ጠበበ ጫማ ይነክሰዋል፤ ቢሆንም አያወልቀውም። ቅዳሜና እሁድ የቢሮ ሰዎችን ዝዋይ ሐይቅ ወስዶ ታንኳ የሚያስቀዝፍ ትንሽ ድርጅት ከፍቶ ነበር። ሰው ሐይቁን ይወዳል። ሱሪው ውስጥ የሚገባውን ነገር ግን አይወድም። አሸዋ ይገባል፣ ጭጎጎት ይገባል፣ ጉንዳን ይገባል፣ ቀን የጎደለበት ሰው ላይ አልቅት ይገባል። አንዲት ደንበኛ ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ስብሰባ ላይ ሳለች ከሱሪዋ ጥንዚዛ ወጥቶ በሥራ አስኪያጁ ፊት አልፏል። ጂንሱን ሳታጥብ መልበሷን ማንም አላነሳም። ጥፋቱ የድርጅቱ ሆነ።

እኔ የተቀጠርኩት ለዚህ ነው። "እዚያው ሐይቁ ዳር ለምን አናስራቸውም?" ብዬ ጠይቄ ነበር። "ኖ፣ ኖ። ደንበኛ ከቢሮ ሬዲ ሆኖ ነው የሚወጣው። በቃ፣ ፖሊሲ ነው" አለኝ። እሱ፣ እኔና ሾፌሩ ብቻ ያለንበት ድርጅት ፖሊሲ ነበረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሱሪው ጫፍ በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ወደ ውስጥ ከታጠፈ አሸዋ ይሰበስባል። ካልሲው በላዩ ይሳባል። በካልሲው ላይ እኔ ራሴ ከሸራ የሰፋሁት፣ ከላይና ከታች ላስቲክ ያለው መሸፈኛ እስከ ጉልበት ሥር ይወጣል። ከዚያ ገመዱ በጫማው ሶል ሥር ያልፍና ይቋጠራል። ቋጠሮው በአንድ ስበት የሚፈታ መሆን አለበት፤ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ቋጠሮ ሲያፍታታ መስጠም የለበትም። ስለዚህ የገመዱን ውል ረዘም አድርጌ እተወውና ደንበኛውን በእጁ አስጨብጠዋለሁ። እሱ ደግሞ ቀበቶው ላይ ይሰካዋል።

ማዕረጌ ዋና አሳሪ ነበር። ምክትል አሳሪ አልነበረም። ናሆም ግን ድርጅቱ ሲያድግ ይኖራል ይል ነበር።

አንድ ቀን ናሆም ደስ ብሎት መጣ። ለክፍላችን የአማርኛ ስም አግኝቷል። ብርቱካናማ ሰደርያ ዘረጋልኝ። ጀርባው ላይ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል "እግረ ሙቅ ክፍል" ይላል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

"ናሆሜ፣ እግረ ሙቅ እኮ የእስረኛ እግር ሰንሰለት ነው" አልኩት።

"ሙቅ ማለት የሚሞቅ አይደለም?"

"ነው።"

"እግርስ?"

"እግር ነው።"

"ታዲያ? ማለቴ፣ እግር የሚያሞቅ ነው እኮ የምናለብሰው።"

 ሰደርያዎቹ ደግሞ ታትመው አልቀዋል። ለብሼው ወጣሁ። ፈረንጆቹ ደንበኞች አያነቡትም፤ ያገሬ ልጆች ደግሞ ከጀርባዬ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ገበያው እንዲያውም ደራ፤ ናሆምም ቃሉን ስለመረጠ ራሱን ያደንቅ ጀመር።

ችግሩ መጀመሪያ ብቅ ያለው ስታዲየም አካባቢ ታክሲ ውስጥ ነው። ናሆም ደወለ። ታክሲ ውስጥ መሆኔን ረስቼ ሪፖርት አቀረብኩ፤ "ሁሉንም አስሬያቸዋለሁ። ከሾፌሩ ጋር ወደ ዝዋይ ሄደዋል። አንዷ ሴትዮ እግሯ አብጦ ስለነበር ትንሽ አላላሁላት። አንዱ አልታሰርም ብሎ አስቸግሮ ነበር፣ በኋላ ግን እሺ አለ።" ዝዋይ ሲባል ግማሹ ሰው ሐይቁን ሳይሆን እስር ቤቱን እንደሚያስብ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ የነበሩት እናት ቦርሳቸውን አቅፈው ወደ መስኮቱ ተጠግተዋል። ሂሳብ ስዘረጋ ረዳቱ "ተወው አለቃ፣ ግድ የለም" አለኝ።

ይህን እየሳቅሁ ለሰብለ ነገርኳት። ሰብለ ሰንጋ ተራ አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የተዋወቅነው ቀሚስ ልታስጠብብ ሱቄ መጥታ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጥበብ የማያስፈልገውን ልብስ ሁሉ ይዛ መጣች። ልንጋባ ተስማምተናል። እናቷ ገና ሕፃን ሳለች ስላረፉ ያሳደጓት አባቷ ናቸው፤ የባቡር መካኒክ የነበሩ ጡረተኛ፣ ጋሽ ተክሌ። "እወድሃለሁ። አባዬን አስከፍቼ ግን አላገባም" ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ስለዚህ ሁሉ ነገር በጋሽ ተክሌ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ሽማግሌ ላክሁ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ሸምሱ ነበር። ከሱቄ አጠገብ ክር፣ ቁልፍና ላስቲክ ይሸጣል፤ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ቂርቆስ ውስጥ ሽምግልና ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም ይባላል። የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። እንደ ወጉ "ተቀመጡ" ሲባሉ "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ጋሽ ተክሌም "ልጁ ምን ይሠራል?" ብለው ጠየቁ።

"በቱሪዝም ዘርፍ ነው" አለ ጋሽ ሸምሱ፣ ኮቱን እያስተካከለ።

"ቱሪዝም ምን ሲያደርግ?"

"ካዛንቺስ ያስርና ወደ ዝዋይ ይልካል።"

"ወላሂ፣ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት" አለኝ ጋሽ ሸምሱ በኋላ።  ወዲያው ሊያስተካክል ሞከረ፤ "አጥብቆ አያስርም እኮ! ደግሞ ሰዎቹ ከፍለው ነው የሚታሰሩት። ማታ ይለቃቸዋል።"

ጋሽ ተክሌ ጎንበስ ብለው የሱሪያቸውን ጫፍ ሰበሰቡ። ቁርጭምጭሚታቸው ዙሪያ እንደ ቀለበት የዞረ አሮጌ ጠባሳ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ በወጣትነታቸው ታስረው ነበር። "ልጁን ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከመኪና ሲወርድ አይቼዋለሁ" አሉ። "ጀርባው ላይ የለጠፈውንም አንብቤያለሁ። የዚህን ዕቃ ስም ለብሶ የሚዞር ሰው ልጄን አያገባም።" ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ሌላ ቀጠሮም አልተሰጣቸውም።

 ለናሆም ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። "ሪል ሰንሰለት ነው እንዴ?" አለ።

"ነግሬህ ነበር እኮ።"

"እየሳቅክ ነበራ የነገርከኝ!"

እውነቱን ነው። ሰደርያዎቹን ወዲያው ሰብስቦ ገለበጣቸው፤ አዲስ እስኪታተም ድረስ በውስጥ በኩል እንለብሳቸው ጀመር። ፊደሎቹ ግን በጨርቁ አልፈው እየተገለበጡ ይታዩ ነበር፤ ትግርኛም ግዕዝም ያልሆነ ጽሑፍ መሰለ።

ሰብለ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። አባቷን ምን ብላ እንዳግባባች ዛሬም አትነግረኝም። "ቅዳሜ ከእኔ ጋር ይመጣል። የምትሠራውን በዓይኑ ያያል። እግሩን ግን ማንም እንዳይነካው ብሏል" አለችኝ።

ጋሽ ተክሌ ቅዳሜ ማለዳ የድሮ ቦላሌ ለብሰው ከሰብለ ጋር ካዛንቺስ ቢሯችን መጡ። አንዱ እግር ብቻ ለእኔ ሙሉ ሱሪ ይወጣዋል። ጥግ ላይ ተቀምጠው ስሠራ ይመለከቱኝ ጀመር። አጠገባቸው ያለችውን ወጣት እግር ቋጥሬ ስጨርስ ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ ምን አድርገሽ ነው?" አሏት።

"ልደቴ ነው አባባ!" አለች።

ጋሽ ተክሌ አንገታቸውን ነቀነቁ። ያን ቀን እኔና ናሆምም አብረናቸው ሄድን።

ዝዋይ ደርሰን ታንኳ እየቀዘፍን ሐይቁ ውስጥ ካለች ደሴት ዳር ትንሽ ለማረፍ ወረድን። የወረድንበት ሣር የጉንዳን መንገድ ነበረው። ሌሎቹ ታስረዋል። ጋሽ ተክሌ ቦላሌያቸውን እያንዘረፈፉ መሃሉን አቋርጠው አለፉ፤ ተመልሰው ታንኳው ውስጥ ከፊቴ ተቀመጡ። ሰብለ ከኋላዬ ናት። ጉንዳን እንደ ገባ አይነክስም። ሁሉም ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ይጠብቅና አንድ ላይ ነው የሚጀምረው። እኛ ደግሞ ያን ጊዜ ጥልቁ ላይ ደርሰናል።

"ወይ ጉድ!" ብለው ጋሽ ተክሌ ብድግ አሉ። ታንኳ ላይ አይቆምም። ታንኳው ወደ አንዱ ጎን ተንጋደደ፣ ውኃ ገባ፣ ሰብለ ጮኸች። "ይቀመጡ ጋሽዬ፣ እንገለበጣለን!" አልኩ። ይቀመጣሉ፣ ያራግፋሉ፤ የተራገፈው ጉንዳን በታንኳው ወለል ዞሮ በሌላው እግር ይወጣል። እንደገና ይነሳሉ። እኔ አንድ እጄን ጠርዙ ላይ ሌላውን ቀበቷቸው ላይ አድርጌ ስለ ሠርግ ሳይሆን ስለ ሕይወታቸው እጸልያለሁ።

"እሰረኝ!" አሉ።

የሰማሁት አልመሰለኝም። "ምን አሉኝ?"

"እሰረኝ ነው ያልኩህ! እግሬን እሰር!"

ድምፃቸው በውኃው ላይ አስተጋባ። የጎረቤት ታንኳ ተሳፋሪዎች አጨበጨቡ፤ የልደቷ ልጅ ስልኳን አውጥታ ትቀርጻለች። ጋሽ ተክሌ ተቀመጡ። ያለውን ጉንዳን ሳራግፍ ከጠባሳው ጋር ተፋጠጥኩ፤ ቦላሌውን ወደ ውጭ አጠፍኩ፣ ካልሲውን ሳብኩ፣ ለክፉ ቀን የያዝኩትን ትርፍ ሸራ አለበስኩ።   ቋጠርኩ።

"የሚፈታውስ ማነው?" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

የገመዱን ውል አንስቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። "እርስዎ ነዎት። ይሳቡት።"

ሳቡት። ቋጠሮው ተፈታ።  "እንደገና እሰር" አሉ። አሰርኩ። ሳቡት፤ ተፈታ። "እንደገና።"

"አባዬ፣ ጉንዳኑ እየገባ ነው እኮ!" አለች ሰብለ።

"ይግባ" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "ያን ጊዜ ውሉ እነሱ እጅ ነበር።"  አሰርኩላቸው፣ ሳቡት፣ አሰርኩላቸው። ወደ ዳር እስክንደርስ እንዲህ ስንል ቆየን።

ሲወርዱ ሸራውን በጣታቸው ዳሰሱት። "ይሄ እኮ ገምባሌ ነው። የፈረሰኛ ፖሊሶች ያደርጉት ነበር። ስሙ እያለ ምን ሆናችሁ ነው?" አሉ። ናሆም "ገምባሌ፣ ገምባሌ" እያለ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተለማመደው። በዚህ ጊዜ ግን ቃሉን ከማሳተሙ በፊት ለጋሽ ሸምሱም አሳየ። ከዚያ ወዲህ አንድም የአማርኛ ቃል ያለ ሁለት ሽማግሌ ማተሚያ ቤት ሄዶ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተላኩ። ጋሽ ተክሌ ሁሉን ቢያውቁም ወጉ ነውና "ልጁ ምን ይሠራል?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሸምሱ በዚህ ጊዜ ተዘጋጅቶ ነበር። "አሳሪ" የሚለው ቃል ከአፉ እንዳይወጣ ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ ሰንብቷል። ደረቱን ነፋና "የልጁ ሥራ መፍታት ነው" አለ።

 ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ሙሽራው ፈቺ ነው ብሎ ሲናገር ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶ አያውቅም። ጋሽ ሸምሱም እንደገና ከአፉ ከወጣ በኋላ ሰማው።

ጋሽ ተክሌ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "እንግዲያው ልጄን ሲሆን አጥብቆ ይሰር" አሉ። "አሁን ተቀመጡ።"

ዛሬ ጉልበቴ መንበርከክ እምቢ ስላለ ከካዛንቺስ ወጥቼ ወደ ቂርቆስ ሱቄ ተመልሻለሁ። ገምባሌ እሰፋለሁ፤ አዲስ የተቀጠሩ አሳሪዎችም መጥተው ይጠይቁኛል። ለእነሱ የምለው አጭር ነው። ስታስሩ ውሉን በታሳሪው እጅ ተዉት። ቋጠሮው ግን አይላላ፤ ጉንዳን ይገባል።